የዘንድሮው ቡድናችን አሰላለፍ

(በተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ክፍል ስም በመምህራንና በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ውድድሩ ሳይጀመር ስለ እግር ኳስ ቡድናችን አሰላለፍ ጥቂት ቃል እንድንናገር ከማኅበሩ ታዘን ከፊታችሁ ቆመናል። ጥያቄውን ግን ያመጣነው እኛ አይደለንም። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ፣ በዶርም ደጃፍ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሰርቪስ ውስጥ ሳይቀር የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ እነማን ይሰለፋሉ?» የሚል ነው። ጠያቂው ሁሉ መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚጠይቀው። የደሴ ግቢ ተማሪ ስድስት ተጫዋች ከደሴ ይቆጥራል፤ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ደግሞ ስድስት ከኮምቦልቻ ይቆጥራል። ሁለቱ ሲደመር አሥራ ሁለት ይሆናል። ሕጉ ግን ከአሥራ አንድ በላይ አይፈቅድም።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውቃለን። ዛሬ የማንንም ተጫዋች ስም አንጠራም። ይህን የምናደርገው ፈርተን አይደለም፤ አሰልጣኙ ገና ምርጫ አላደረጉምና ነው። ደግሞም ስም ዛሬ ከተጠራ፣ ታኬታውን በላስቲክ ቋጥሮ ከአገሩ የመጣው አዲስ ተማሪ «ቦታው ተይዟል» ብሎ ከሜዳው በር ላይ ይመለሳል። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ቦታዎቹ ነው፤ የትኛው ሞልቷል፣ የትኛው ጎድሏል፣ የጎደለውስ በምን ምክንያት ጎደለ፣ የሚለውን ነው። ስለ ሴቶች ቡድን ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚኖር እዚህ አንቀላቅለውም።

የዩኒቨርሲቲ ቡድን እንደ ክለብ አይደለም። ክለብ ተጫዋች ሲጎድልበት ያስፈርማል፤ እኛ የምናገኘው ሬጅስትራር የመዘገበልንን ብቻ ነው። እንግዲህ የእኛን አሰላለፍ ለመገመት የሚፈልግ ሰው ከኳሱ በፊት የትምህርቱን ካላንደር ማንበብ ይኖርበታል። የምሕንድስና ተማሪ አምስት ዓመት ስለሚቆይ ለቡድን ትልቅ ሀብት ነው። ዳሩ ግን አራተኛ ዓመት ሲደርስ ለኢንተርንሺፕ ወደ ፋብሪካና ወደ ግንባታ ሥራ ይወጣልና አንድ መንፈቅ ያህል አይገኝም። ዕድል የቀናው ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ይመደብና ማታ ማታ ይመጣል፤ ዕድል ያልቀናው አዲስ አበባ ሄዶ ውጤት በስልክ ይጠይቃል። የሕክምና ተማሪ ከሁሉ ረጅም ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን ሆስፒታል መግባት ከጀመረ በኋላ «ተረኛ ነኝ» ሲል ክርክር የለም፤ በሽተኛ ትተህ ለልምምድ ና አይባልም። ተመራቂዎቹም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለባቸው፣ በሁለተኛው መንፈቅ እግራቸው ሜዳ ላይ ቢሆንም ልባቸው ደብተሩ ላይ ነው። ይህን ስንል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኛም ፈተናው ይጠብቀናል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንግባ።

ፊት መስመሩን በሚመለከት ሥጋት የለንም። የዱሮ ሰዎች ፎርዋርድ የሚሉት ክፍል ዘንድሮም ሠራተኛ አያጣም፤ መቼም ጎል ማግባት የማይወድ ሰው አልተፈጠረም። ሥጋታችን እንዲያውም መብዛታቸው ነው። አብዶ የሚያበዛ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተሰለፈ ኳሷ ለሦስተኛው ሳትደርስ ይመሻል። መሀሉ ከሁሉ የተሻለው ክፍላችን ነው፤ ባለፈው ዓመት አብረው የተጫወቱት ሦስቱም አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ለኢንተርንሺፕ የሚወጣው በሁለተኛው መንፈቅ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ምትኩን ማለማመድ ይቻላል። በግራ በኩል ከኋላ የሚቆም ግራ እግረኛ የለንም። ቀኝ እግረኛ በግራ ሲቆም ኳሷን ወደ ውስጥ ለመመለስ ይገደዳልና ተጋጣሚ ይህን ካወቀ ያስቸግረናል። ዳሩ ግን ይህ የሚታገሡት ጉድለት ነው።

የማይታገሡት ጉድለት የበረኛው ነው። ያለፈው ዓመት በረኛችን ተመርቆ ሄዷል። ተጠባባቂው በረኛ ዘንድሮ ቋሚ እንደሚሆን ሁላችንም እንገምታለን፤ ይገባዋልም። ከእርሱ ኋላ ግን ማንም የለም። በመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ስማቸውን ካስመዘገቡት ውስጥ «በረኛ» ብሎ የጻፈ አንድም ሰው አላገኘንም።

«አንድ በረኛ ካለ ምን ጎደለ?» የሚል ሰው ካለ በ2005 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውሰው። ብሔራዊ ቡድናችን በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሶ ደቡብ አፍሪካ ላይ ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ ተቀይሮ ሁለተኛው በረኛ ሲሳይ ባንጫ ገባ። አሥር ሰው ሆነው፣ ጎል ከገባባቸውም በኋላ፣ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። ያ ነጥብ የተገኘው ከብዙ ወራት በፊት ሁለተኛ በረኛ በደንብ የሠለጠነ ስለነበረ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ሲሳይ በተራው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተቀያሪው አልቆ ነበርና የመሀል ተጫዋቹ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ሪጎሬ ለመመለስ ከጎሉ ቆመ። ቪክተር ሞሰስ መታ፤ ገባ። ይህ የሆነው በአህጉሩ ትልቁ ውድድር ላይ፣ ሦስት በረኛ ይዞ በሄደ ቡድን ላይ ነው። አንድ በረኛ ይዘን ለምንሄደው ለእኛ እንግዲህ ምን ይባል?

አሁን ደግሞ ሁለተኛ በረኛ ለምን እንደሌለን እንናገራለን። ይህን ለመናገር ትንሽ ያሳፍረናል፤ ጥፋቱ የአሰልጣኝም የአስተዳደርም አይደለምና። ጥፋቱ በሜዳው ዳር የምንቆመው የእኛ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ የሁለቱ ግቢ ተጫዋቾች ለምርጫ ደሴ ላይ ተገናኙ። ከኮምቦልቻ ከመጡት መካከል አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ በበረኝነት ቆመ። በኮምቦልቻው ልምምድ ያዩት ሁሉ አመስግነውት ነበር። ያን ዕለት ግን ከመሀል ሜዳ የተለጋች አንዲት ረጅም ኳስ ልክ ከእጁ የምትገባ መስሎት ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጣ፤ ኳሷ በጭንቅላቱ ላይ አልፋ ከኋላው ነጥራ ገባች። በሜዳው ዳር የነበርነው ሳቅን። የሳቅነው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። «ውጣ!» ብለን ጮኽን፤ የየዶርማችንን ልጅ ስም እየጠራን «እርሱ ይግባ!» አልን፤ ከደሴ የሆንነው «ወደ ቆላህ ውረድ» አልነው፤ ከኮምቦልቻ የሆንነው ደግሞ አሳፈረን ብለን ዝም አልን። ልጁ አልተሟገተም። ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቱን አውልቆ ለአሰልጣኙ ሰጠና ሰርቪሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ለልምምድ አልመጣም።

ይህች ኳስ ለምን እንዳመለጠችው በኋላ ቁጭ ብለን አሰብን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሐረጎ ተጠማዝዞ የሚወርድ ስለሆነ ጆሮ የሚደፍን መንገድ ነው። የደሴ አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የኮምቦልቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ኀይል የተለጋች ኳስ ደሴ ላይ ትንሽ አልፋ ትወድቃለች፤ ስትጠመዘዝም መጠምዘዟ ይቀንሳል። ልዩነቱ ብዙ አይደለም። በረጅም ኳስ አንድ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን በረኛ የሚሸነፈው በዚህችው ሁለት ሜትር ነው። ያ ልጅ ዓይኑ የተለማመደው በኮምቦልቻ ኳስ ነበር፤ ከደሴ ኳስ ጋር የተገናኘው በዚያው በምርጫው ዕለት ነው። የፊዚክስ ትምህርት ክፍል መምህራን በዚህ አዳራሽ ስላሉ ስሕተት ብንናገር ያርሙናል።

የሚገርመው፣ የከፍታ ነገር የዓለም እግር ኳስ ማኅበርንም አከራክሮ ነበር። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ፊፋ ወስኖ ነበር። ቦሊቪያና ጎረቤቶቿ ሲጮኹ ወሰኑን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፤ በዓመቱ ደግሞ ክልከላውን አነሣው። የመጀመሪያው ውሳኔ ቢጸና ኖሮ ደሴ ልክ በመስመሩ ላይ ትውል ነበር፤ ሠፈሮቿ ሽቅብና ቁልቁል ስለሆኑም ግማሹ ሠፈር ተፈቅዶለት ግማሹ ይከለከል ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ተጫዋችም ችግር አለበት። ትንፋሽ ይተርፈዋል፤ ሙቀቱ ግን ይይዘዋል። ለ650 ሜትር ቁልቁለት በአማካይ አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራልና፣ ከጦሳ ሥር በብርድ የተለማመደ ልጅ በኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ውኃ ውኃ ይላል። ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ ሙቀት ቀርቶለት ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግዲህ ግማሹ ቡድን በአንድ አየር፣ ግማሹ በሌላ አየር ተለማምዶ በውድድር ዋዜማ ሲገናኝ፣ ተከላካዩ የሚለጋት ኳስና አጥቂው የሚሮጥባት ቦታ አይገጣጠሙም። ከዚያ እኛ በሜዳው ዳር ሆነን «አይግባቡም» እንላለን። እንዴት ይግባቡ? የተዋወቁት ትናንት ነው።

ከሁለት ቦታ የመጡ ሰዎች አንድ ቡድን መሆን ያቅታቸዋል የሚል አስተያየት ሲሰጥ ሰምተናል። ይህን አንቀበልም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (ቀኑ ከላይ ካነሣነው ከዛምቢያው ጨዋታ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል) አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን ከየት ከየት የተሰበሰበ ነበር? አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ የአሥመራ ልጆች ነበሩ፤ መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ከሐረጎ የሚረዝም መንገድ ነው ያገናኛቸው። የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ይባል የነበረውን የግብጽን ቡድን ሲገጥሙ ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ መጀመሪያ ተክሌ፣ ቀጥሎ ኢታሎ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ እንደገና፣ ኋላም መንግሥቱ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ዘመን ደግሞ እንደ ዛሬው ተቀያሪ የሚበዛበት አልነበረም፤ በዓለም ዋንጫ እንኳ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ነው። ዛሬ አምስት ሰው መቀየር የሚፈቅደው ደንብ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ጸንቷል። ስለዚህ «ቋሚ አሥራ አንድ» የምንለው ነገር እውነተኛው ስሙ አሥራ ስድስት ነው። ከደሴ ስንት፣ ከኮምቦልቻ ስንት እያልን የምንጨቃጨቅበት ቁጥር ሰፋ ብሎልናል ማለት ነው፤ በዚህም ካልተስማማን በሌላ አንስማማም።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት እንበል። አሰላለፍ በሜዳ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ይበላሻል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ተመለሰ። ሁላችንም ጨፈርን። ኋላ ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት፣ ያን ቀን መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች መሰለፉ ታወቀና ፊፋ ውጤቱን ሠርዞ ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን ባይመራ ኖሮ፣ የብዙ ወር ድካም በአንድ መስመር ጽሑፍ ይጠፋ ነበር። እንግዲህ ከየግቢው አንድ አንድ ሰው ተመርጦ መዝገብ ይያዝ፤ ማን ተመዝግቧል፣ ማን ትምህርት አቋርጧል፣ ማን ካርድ አለበት፣ ማን በየትኛው ወር ለኢንተርንሺፕ ይወጣል የሚለው በዚያ ይጻፍ። የመዝገብ ያዥነት ሥራ ማንም አያጨበጭብለትም፤ ሆኖም ቡድኑ እርሱን ያህል የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ለአሰልጣኙና ለሁለቱ ግቢ ተጠሪዎች ያቀረብነው ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቷልና አሁን እንገልጣለን። የፊታችን ቅዳሜ ሁሉም በአንድነት ደሴ ላይ ይለማመዳሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፤ እስከ ውድድሩ መክፈቻ ድረስ እንዲህ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። ለበረኞች የተለየ ሰዓት ተይዟል፤ የሜዳው ተጫዋቾች ከመድረሳቸው በፊት ረጅም ኳስ እየተለጋላቸው በሁለቱም ከተማ ዓይናቸውን ያለማምዳሉ። አሰልጣኙ እስከ አራተኛው ቅዳሜ ድረስ የማንንም ስም በቦርድ ላይ እንደማይለጥፉ ነግረውናል። እስከዚያ ድረስ የምንተች፣ የምንገምት፣ በሻይ የምንወራረድ ሰዎች እንኖራለን፤ ይህ ቀርቶ እግር ኳስ የለም። በልምምድ ሜዳ ዳር ቆሞ ሰው ማስወጣት ግን ቀርቷል። ማኅበሩ ሁለት ሰው በሜዳው ዳር ያቆማል፤ የሚጮህ ሰው ካለ፣ ከደሴም ይሁን ከኮምቦልቻ፣ እየለመኑ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሸኙታል።

ያን ልጅ በክረምቱ መግቢያ ላይ ከእኛ አንዳንዶቹ አየነው። ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ በኩል፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ይጫወት ነበር፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ በጓንት ፋንታ የሹራብ እጅ ጌ እስከ ጣቱ ስቦ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን አየን። አንዲት ኳስ በቴስታ ተመትታ ወደ ድንጋዩ ጥግ ስትሄድ እንዴት እንዳወጣት ብንነግራችሁ አታምኑንም። ልናነጋግረው ፈልገን ነበር፤ ምን ብለን እንደምንጀምር ስላጣን ዝም ብለን ሄድን። ይህንንም ስንናገር ያሳፍረናል።

ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ይህ ንግግር በጋዜጣችን ሲወጣ ግን ከእጁ እንደሚደርስ ተስፋ እናደርጋለን። ባለፈው ዓመት የጮኽን እኛ ነን፤ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። የመለሰው ጓንት በአሰልጣኙ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ማንም አልወሰደውም። የቅዳሜው ሰርቪስ ከኮምቦልቻ ግቢ በር ጠዋት በ1 ሰዓት ይነሣል፤ ለበረኞች የፊት ወንበር ተይዟል።